ለጃማዕ የሚመሰክር

እና ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዓይኔ ጥላ እንጂ ሰው አይለይም፣ ሳሉም አልለቀቀኝም፣ የከርሞውን ሚያዝያ ሃያ ሰባት ማን አየው፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጦሪያው ግቢ ውሃ ይርከፈከፋል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ኃላፊያችን ሙሉነሽ አባባ ወልደጻድቅ ቀጥ ይበሉ እንጂ እያለች የኮቴን ደረት ትመታልኛለች፣ ኒሻኑ የሚሰካበትን ቦታ ነው የምትደለድለው፣ ቀጥ ይበሉ፣ እሺ ልጄ እላታለሁ። እሺ ማለት ድሮም ይቀናኛል።

በግራዬ ጃማዕ ተቀምጧል። አላየውም፣ ግን ስድስት ዓመት አልጋ ለአልጋ የኖረ ሰው በትንፋሹ ይታወቃል፣ በመፋቂያው ሽታ ይታወቃል፣ በዚያች ጣቶቿ በማይታጠፉት ቀኝ እጁ ክንዴን ይዞ ለምሳ ይወስደኛል፣ ወደ ጥላው ይወስደኛል፣ ፀሐይ ስትዞር ደግሞ ያዞረኛል፣ ጣቶቹን የሰበሩት ጣልያኖች ናቸው፣ እስር ቤት፣ ሦስት ዓመት። በማን የተነሳ። ተው አሁን እሱን አትጀምር።

ድምጽ ማጉያው ይንጫጫል፣ ከላይ የመጡት ሹም ለነፃነታችን ደማቸውን ያፈሰሱ አጥንታቸውን የከሰከሱ አባቶቻችን ይላሉ፣ አጥንቱን የከሰከሰውማ ይኸው አጠገቤ ነው ጌታው፣ ስሙ ግን ከዝርዝሩ መጨረሻ ለብቻው ተጽፏል፣ ምስክር የሌለው ተብሎ፣ ሙሉነሽ ናት የነገረችኝ። ደንቡ ነው፣ አብሮት ዱር የዋለ አርበኛ ቆሞ ካልመሰከረለት ኒሻን የለም፣ ለኔ ሁለት ሰዎች መስክረውልኛል፣ ሁለቱም አፈር ገብተዋል፣ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፣ የነገርኳቸውን ነው የመሰከሩልኝ። ለጃማዕ ማን ይመስክር። በሐርላ በኩል ግመሎቹን ተምር ጭኖ፣ ከተምሩ ስር ጥይት ደብቆ ወደ ተራራው ሲያመላልስልን በዓይናቸው ያዩት አራት ሰዎች ነበሩ፣ አራቱም ሞቱ። አምስተኛው እኔ ነኝ።

እና ሰው ምን ይላል፣ ሶማሌው ሸጣቸው ይላል፣ አራቱ ጥይት ሊቀበሉ ወርደው የሐርላው የውሃ ጉድጓድ ዳር ሲረግፉ እሱ እንዴት በሕይወት ተያዘ፣ እንዴትስ ከእስር ቤት በእግሩ ወጣ፣ ባንዳ ባይሆን ነው? ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ተባለ። እኔም ሲባል ሰምቼ አንገቴን ነቅንቄያለሁ፣ አዬ ጉድ ብያለሁ፣ አፌን ይቁረጠው።

ልጁ ሻሚስ ከኋላ አለች፣ ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ፣ በዚህ ሐሩር፣ የባንዳ ልጅ እየተባለች ያደገች ናት፣ አማቶቿ ልጆቿን አያታቸው ዘንድ ይዛ እንዳትመጣ ከልክለዋታል፣ ዛሬ ግን ምስክር ይገኝ ይሆናል ብሎ ጃማዕ አስጠራት። ማን እንደሆነ አልነገራትም። ለኔም አልነገረኝም፣ ጠዋት ጫማዬን እያሰረልኝ ብቻ፣ አቦ ወልዴ፣ ዛሬ ይጠይቃሉ፣ ካወቅህ ተናገር፣ ካላወቅህ ተወው፣ አለኝ። ካወቅህ! ጫማዬን እያሰረልኝ።

ያስለፈለፈኝ ውሃ ነበር። ጅራፍ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረ፣ ለጅራፍ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር፣ ከጃማዕ ጋር ቀጠሮ ይዤ ወደ ተራራው ስመለስ ጣልያኖቹ ኬላው ላይ ያዙኝና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ፣ አንድም ሰው እጁን አላነሳብኝም፣ በሁለተኛው ቀን ልጅ እግር መኮንን መጣ፣ ፊቴ ቁጢጥ አለ፣ ኮዳውን ከፈተና ጥቂት መሬቱ ላይ አፈሰሰ፣ አሸዋው ጠጣው፣ ደግሞ አፈሰሰ፣ አሸዋው ጠጣው፣ አስተርጓሚው መቼ ነው የት ነው አለኝ፣ እኔ ዓይኔ አሸዋው ላይ ነው፣ ኧረ አታፍስሰው እያልኩ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ የሐርላው ጉድጓድ፣ ጃማዕ የሚባል ባለግመል፣ የሚቀበሉት አራት ናቸው፣ ሳልጠየቅ አራት ናቸው አልኩ። ኮዳውን ሰጠኝ። ጣፈጠኝ፣ እሱን ነው ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት፣ ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ለቀቁኝ፣ አምልጬ መጣሁ አልኩ፣ ጠመንጃዬን መለሱልኝ፣ ከዚያ በኋላማ ተዋግቻለሁ፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ ሁለቴ ቆስያለሁ፣ ሰው ሞቱን ሲፈልግ እንዴት እንደሚዋጋ እኔን ጠይቁኝ።

አቶ ወልደጻድቅ።

ተጠራሁ። ጃማዕ ክንዴን ይዞ ያስነሳኛል፣ እስከ ሹሙ ያደርሰኛል፣ ይመለሳል፣ መርፌው ኮቴን ይወጋል፣ ብረቱ ይከብዳል፣ አሁን ተናገር፣ አሁን፣ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ ወይ ስህተት፣ እጅ ያነሳ አርበኛ ሊፎክር ነው እንጂ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው፣ በሉ በሉ በሉ አሉ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ እግሬ ልማዱን አውቆ ዘለለ፣ እሺ እንግዲያው በዚሁ ይውጣ፣ ዘራፍ፣ እኔ ወልደጻድቅ፣ ዘራፍ፣ ኬላ ላይ ተይዤ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ አራት ሰው ስል እልልታው ጆሮዬን ደፈነው፣ አራት ገዳይ አለ አንዱ፣ አራት ወንድሞቼን ያስገደልኩ፣ ጃማዕን የሸጥኩ፣ እያልኩ ነው፣ በሙሉ አፌ እያልኩ ነው፣ ሴቶቹ ግን አራት የምትለዋን ይዘው እልልል፣ ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የማይሞት ወኔ አሉ፣ ሙሉነሽ ታለቅሳለች፣ ኩራት ነው የሚያስለቅሳት። ብያለሁ እኮ። ፈጣሪ ሰምቷል፣ ያልሰሙ እነሱ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ከሽማግሌ ምን ይጠበቃል።

አቶ ጃማዕ ዒጋል።

ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ የምድር ባቡሩ ጩኸት ብቻ ከወዲያ ማዶ፣ ሹሙ ወረቀት ያገላብጣሉ፣ ለእኒህ ሰው አብሯቸው የዋለ የሚመሰክር ይገኛል ወይ ይላሉ፣ ማንም የለም፣ እርስዎስ አባባ ወልደጻድቅ፣ በአንድ አገር ነበራችሁና፣ ያውቋቸዋል? አሁን እልልታ የሚሸፍነው ነገር የለም፣ አንድ ቃል ትበቃለች፣ ቅድም ያልኩትን መድገም ነው፣ ዝም ብሎ መድገም፣ ምላሴ ደረቀ፣ አሸዋ ሆነ፣ ሁሉም ይሰማል፣ ሙሉነሽ ትሰማለች፣ ከነገ ጀምሮ ማን እሺ አባባ ይለኛል፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ፣

አውቃቸዋለሁ፣ እላለሁ፣ እዚሁ መጦሪያ ጎረቤቴ ናቸው፣ መልካም ሰው ናቸው፣ ስለ ድሮው ግን አላውቅም።

ናቸው አልኩ። አንቱ ብዬው የማላውቀውን ሰው።

ይቅርታ፣ ምስክር እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው ይቆይ፣ ይላሉ ሹሙ፣ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ከኋላ ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ የሴት ነጠላ ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ ወደ በሩ ይሄዳል፣ አይሮጥም፣ አይቆምም፣ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ሻሚስ ናት፣ አባቷን እንኳ ጠርታ አልተሰናበተችም።

የማይታጠፉት ጣቶች ክንዴ ላይ አረፉ። ና እንግባ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ይላል ጃማዕ። እንሄዳለን። ምን ልበለው፣ ሕመም ተሰማኝ ልበለው፣ ጆሮዬ አልሰማም ልበለው፣ ጃማዕ እላለሁ፣ ቅድም ስፎክር፣

ሰምቼሃለሁ፣ ይላል።

እልልታው እኮ፣

እኔ ከልጅነቴ ግመል ስጣራ ያደግሁ ነኝ፣ ጫጫታ አይጋርደኝም። ደግሞም አዲስ ነገር አልነገርከኝም ወላሂ፣ ያ መኮንን ጣቴን የሰበረኝ ቀን ነግሮኛል፣ ስምህን ጠርቶ፣ በአንድ ኮዳ ውሃ ሸጠህ ብሎ፣ እየሳቀ።

እግሬ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት። ስድስቱን አልጋ ለአልጋ። ለምን አልተናገርክም፣ እላለሁ፣ ድምጼ የሌላ ሰው ነው፣ ለሻሚስ እንኳ ለምን አልነገርካትም።

ባንዳ ስሙን ለማንጻት ሌላ ሰው ባንዳ ነው አለ ሊሉኝ? ማን ያምነኛል አቦ።

ለኔስ፣ ለኔ ለምን አልነገርከኝም፣ ሌሎቹ ሁሉ ተኝተው ሳለ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ ስድስት ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር?

ትንፋሹን እሰማለሁ፣ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ሲያዞር እሰማለሁ።

አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ፣ ይላል።

ኒሻኑ ስራመድ ደረቴን ይመታኛል። ደረጃ አለ፣ እግርህን አንሳ፣ ይለኛል፣ አነሳለሁ።