የመዓዛ የብቻ ገጽ

መዓዛ ደባርቅ ውስጥ መምህርት ናት፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ደግሞስ በምን አንጀቷ ትታገሥ? ታናሽ ወንድሟ ቃለ አብ በዛሪማ ቁልቁል ወርዶ ሱዳን ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሊቢያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ተስፋዋ ሁሉ «የደባርቅና የዳባት ልጆች» በተባለው የጋራ ብሎግ ላይ ነበር። የአገሩ ልጅ በያለበት ያነበዋል። ስለ ወንድሟ በጻፈች ቁጥር አንዱ ከካርቱም፣ ሌላው ከትሪፖሊ «አይዞሽ፣ እናፈላልግልሻለን» ይላታል። ከሆሳዕና ወዲህ ግን ሁሉም ጭጭ አሉ። በፋሲካ ማግስት የላከችው ጽሑፍማ ጭራሽ ሳይወጣ ቀረ።

ዳባት ለሚኖረው የገጹ ኃላፊ ለያርጋል ደወለች።

«መዓዛዬ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ታገሺኝ» አላት።

«ወንድሜ ጠፍቶ በዓል ላክብርልህ?»

«የገጹ አሠራር ነው።»

አሠራር! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የራሷን ብሎግ ብትከፍት ማን ያነብላታል? የጋራውን ልጠብቅ ብትል ደግሞ ቃለ አብ አንዱ እስር ቤት ውስጥ እየተሠቃየ ቢሆንስ? ሁለቱም ገደል ሆኑባት። በመጨረሻ ውቢት ኢንተርኔት ቤት ገብታ «ቃለ አብ፣ የት ነህ?» የሚል ገጽ ከፈተች፤ ማንም የማያዝበት፣ የብቻዋ። አድራሻውንም በፌስቡክ በተነችው።

ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ዝር አላለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጀመሪያው አስተያየት ገባ። ተጣድፋ ከፈተችው።

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ጀልባዋ ስትሰጥም አብሬው ነበርሁ፤ እኔ ተረፍሁ፣ እሱን ባሕር በላው። ለሆሳዕና በጋራው ገጽ ጽፌው ነበር። ለምን እንዳጠፉት አላውቅም።»

መዓዛ ግን ወዲያው ገባት። መርዶ በበዓል አይነገርም። ሲነገርም ቄሱ፣ ሽማግሌውና ዘመዱ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ እናትን ደግፎ ይዞ ነው። ያርጋል ሊያፍናት አልነበረም፤ የሚደግፋት ሰው እስኪሰበሰብላት ነበር ክፉውን ወሬ የያዘላት። እሷ ግን ተጣድፋ ሄዳ ብቻዋን ሰማችው። እሪ ማለት አማራት። እሪታዋ ከእሷ ቀድሞ እናቷ ጆሮ እንደሚደርስ አሰበችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ሌላ ሰው ሳያነበው ብሎጉን አጠፋችው። ወጥታም ለያርጋል ደወለች።

«ሰኞ፣ በዳግማይ ማግስት፣ ስንት ሰዓት ነው የምትመጡ?»

ያርጋል መርዶውን መስማቷ ገባው። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ። «አባ ወልደ ገብርኤልም አብረውን አሉ።»

«እንዳልሰማ ሁኜ እከፍትላችኋለሁ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ የሺወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

«ዛሬስ ምን ጻፉልሽ?»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ።»

የእናቷ ፊት በራ።

«እኔስ ምን ብዬ ነበር! ልጄ ለበዓሉ ሳይደውል የቀረው ለዚህ ነዋ!»