መስኮቱን ዝጉት

«ጫማዋም ይጨመር!» አሉ ጋሼ፣ በከዘራቸው ወደ ጆንያው እያመለከቱ።

ታናሽየዋ የሟች እህቷን ነጭ የሥራ ጫማ ከልብሷ ጋር ጆንያው ውስጥ ከተተችው። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነው። የእናታቸው ወንድም ጋሼ የሟች ዕቃ ዛሬውኑ ይቃጠል ብለው ፈርደዋል። ለቀስተኛው ሃያ ይሆናል፤ ለቀስተኛ ከተባለ። ሻዩን የነካው የለም። ግማሹ ውሃውን በኮዳ ይዞ መጥቷል፤ አንዷ ጎረቤትማ የራሷን ብርጭቆ በፌስታል ጠቅልላ ነው የመጣችው። መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሏል፤ ብርድ ይመታላ!

«ቲቢ እኮ በዕቃ ነው የሚተላለፈው» አለች ባለብርጭቆዋ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

ሟች ይህን በሰማች! በዚሁ ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት ቤት ለቤት የዞረች የጤና ሠራተኛ ነበረች። ገና ሰላም ሳትል መስኮት ትከፍታለች። «በሽታው ብርጭቆው ላይ አይደለም፣ የታፈነው አየር ውስጥ ነው» ትላለች። ከዚያ የሚያስለውን ሰው ፈልጋ፣ «ሳል ከጀመረዎት ስንት ሳምንት ሆነ?» ትለዋለች። «ንፋስ» ብለው ስም አወጡላት። ጋሼም «ንፋስ መጣች፣ ብርድ ልብስ አምጡ!» እያሉ ሰው ያስቁባት ነበር። በሽታው ከሥራዋ ላይ ይዟት ስትተኛ ግን አንድ ቀን ብቻ መጡ፤ እሱንም ከመንገድ ማዶ ቆመው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ተመለሱ። ታናሽየዋ ይህን አልረሳችም፤ አትረሳምም።

ጋሼ ሳሉ። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎንበስ እስኪሉ ሳሉ። ትናንትም፣ ቀብሩ ላይም እንዲሁ ነበሩ።

«ሳል ከጀመረዎት ስንት ሳምንት ሆነ?» አለች ታናሽየዋ። የጠየቀችው በጥላቻ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእህቷ ሆኖ ወጣ።

«ብርድ ነው! አንቺ ምን አገባሽ?»

«ስንት ሳምንት?»

የጋሼ ባለቤት አንገታቸውን ደፉ። «አምስት» አሉ።

ከጋሼ አጠገብ የነበረችው ባለብርጭቆዋ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሸሸች። ጋሼ በዓይናቸው ተከተሏት።

ታናሽየዋ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። መያዣው የተሰበረ ስለሆነ ተመልሶ ተዘጋ። እህቷ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለች። ከጆንያው አንዱን ነጭ ጫማ አውጥታ መስኮቱ ሥር ሸጎጠችው። ዝጊው የሚላት ጠፋ።

«ይቅር ብዬዎት አይደለም» አለች፣ ፊታቸውን ሳታይ። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስድዎታለሁ።»

ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ አውጥታ ደረቷ ላይ እንደታቀፈችው፣ ባለብርጭቆዋ በለቀቀችው ወንበር፣ ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠች።