የቤት ሸበጥ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባልዋ «ሸበጥ» እያለ ሲጠራት ኖረ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ አፉ ለመደው። እንግዳ ፊት «የኔዋ ሸበጥ» ብሎ ያለዝበው ነበር እንጂ አልተወውም።

እሷ አንሶላ በምታጥብበት የእንግዳ ማረፊያ ሸበጥ ክብር ነው፤ አልጋው ሥር አዲስ ጥንድ ካልተቀመጠ ክፍሉ ተሰናዳ አይባልም። ለጎረቤትዋ ለባለ ሱቋ የልጅ መቅጫ ነው። ደጃፍ ላይ ከታየ ደግሞ «ሰው አለ» ማለት ነው። ለመምህሩ ባልዋ ግን ሸበጥ ቤት ውስጥ የሚረገጥ፣ ውጭ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ይህንንም አልደበቃትም። ትልቁ ልጃቸው ሲመረቅ ለወላጅ የተሰጠው መግቢያ ካርድ ሁለት ብቻ ነበር። ቀሚስዋን ተኩሳ፣ ጸጉርዋን ተሠርታ ስትጠብቅ፣ እሱ እኅቱን ይዞ ወጣ።

«ደግሞ ሸበጥ አዳራሽ ይገባል እንዴ?» አለና ሳቀ። እኅትየዋም ሳቀች። ያ ሳቅ ሆድዋ ገብቶ ተቋጠረ፤ አምስት ዓመት አልተፈታም።

ዘንድሮ የሴት ልጃቸው ተራ ደረሰ። መምህሩ አምና ግማሽ አካሉ ከዳው፤ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው በሚስቱ ትከሻ ብቻ ነው። ልጅቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚወዳት «የሷን ምረቃ አይቼ ልሙት» ሲል ከረመ።

በዕለቱ ጠዋት ሚስቱ አጠበችው፣ ላጨችው፣ ሱፉን አልብሳ ከረባቱን አሰረችለት። እንደ ሙሽራ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ካርዱን ያዝሽ?» አለ በተጣመመ አፉ።

«ይዣለሁ።»

«በይ አንሺኝ፣ እንዳይረፍድብን።»

የእጅ ቦርሳዋን አነሳች። «ውኃው አጠገብህ ነው። መስኮቱን ልክፈተው ወይስ ይዘጋ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደህነኛው እጁ የወንበሩን ክንድ ጨመደደ።

«ኧረ ባክሽ! ኧረ ስለ ልጃችን! ምን ልትያት ነው?»

«ደከመው እላታለሁ። እሷ እንደሆነች አባትዋን ታውቃለች፣ አትቀየምህም።»

«አንቺ አረመኔ!»

«እሺ፣ ይከፈት። ንፋስ ይሻልሃል።»

መስኮቱን ከፈተች፤ በሩን ከውጭ ቆልፋ ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማችው። ቆመች። ከቦርሳዋ መስተዋት አውጥታ ከንፈርዋን ቀባች፣ ዳር ዳሩን በጣትዋ አስተካከለችና መንገድዋን ቀጠለች።