ከኬብሉ ጫፍ የጠፋው መዝጊያ

ማሽኑ ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ዴልፊን ናምፒጂንፓ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ አጥፍታ አብርታዋለች፤ አራቱንም ጊዜ ስክሪኑ ላይ የወጣው ያው አጭር ቃል ነው፦ መሣሪያው አልተገኘም።

የበረሃው ሰፈር የቀረጻ ክፍል እንደገና የተከፈተው ሰኞ ዕለት ነበር። ከዚያ በፊት አራት ወር ተዘግቶ ቆይቷል፤ የክፍሉ ቴክኒሻን ሞቶ። በሰፈሩ ልማድ ሰው ሲሞት የሠራበት ቤት ይዘጋል፤ ወለሉ በቅጠል ይጠረጋል፤ ፎቶው ይሸፈናል፤ ስሙ አይጠራም፣ ተጽፎም አይታይም። በእነዚያ ወራት አየር ማቀዝቀዣውን የሚያበራ አልነበረም። ሙቀቱና ቀይ አቧራው የኮምፒውተሩን ዲስክ ገደሉት። አዲስ ዲስክ ተገጥሟል፤ ባዶ ነው። የሰፈሩ የድሮ ቀረጻ ሁሉ የቀረው በመጠባበቂያ ካሴቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ ካሴቶቹን የሚያነበውም ይኸው ማሽን።

በሩ አጠገብ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አሮጊቷ ኑንጋራዪ ተቀምጠዋል። ባይወልዷትም በሰፈሩ የዝምድና ሥርዓት የዴልፊን እናት ናቸው። ኩላሊታቸው ደክሟል። አርብ ጠዋት ትንሿ አውሮፕላን ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ትወስዳቸዋለች፤ ከእንግዲህ ደማቸው በማሽን እየታጠበ እዚያው ይኖራሉ። ይዘው መሄድ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ አባታቸው በእግር እየሄዱ የአገራቸውን ውሃዎች፣ ምንጩንና ኩሬውን፣ በስም ሲጠሩ የተቀረጹበትን ድምፅ። አባትየው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ድምፃቸውን መስማት ከተፈቀደም ቆይቷል።

ዕለቱ ረቡዕ ነው።

«አሁንስ?» አሉ ኑንጋራዪ።

«አያየውም፣ እማማ።»

«ከባሌ የባሰ ነው። እሱ እንኳ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ዞር ይል ነበር።»

ዴልፊን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገች። ከአሊስ ስፕሪንግስ የሚያነጋግራት ግሬሃም፣ እነዚህን ማሽኖች ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ነው ያበራሽው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ሁለቱንም አጥፊና ኬብሉን ንቀይው። ጫፉ ላይ ካሉት መርፌዎች የተጣመመ አለ?»

የለም። አቧራውን በብሩሽ ጠረገች፤ መልሳ ሰካችው፤ ሁለቱንም ብሎን አጠበቀች። በቅደም ተከተል አበራች። አልተገኘም።

«ከጀርባው ትንሽ ቁጥር አለ። ስንት ይላል?»

«አራት።»

«ቁጥሩም ደህና ነው፤ ከሌላ መሣሪያ ቁጥር ጋር አይጋጭም። ይገርማል እኮ! ይሄን ሁሉ ያገጣጠመው ራሱ ሌ—»

«ግሬሃም! እንዳትጠራው!»

«ይቅርታ፣ እህቴ። አፌ ለምዶት ነው።»

«የአፉም ብሎን ይጥበቅለት» አሉ ኑንጋራዪ።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ!» አለ ግሬሃም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጀርባው ላይ ሁለት መሰኪያ አለ አይደል? ኬብሉ አንዱ ውስጥ ገብቷል። ሌላው ላይ ምን ተሰክቷል?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«ባዶ? መዝጊያ መኖር ነበረበት እኮ! ግራጫ፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማይበልጥ፣ ሽቦ የሌለው። ምልክቱ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ካጣ ተመልሶ ይመጣና የሚከተለውን ይረብሸዋል። ኮምፒውተርሽ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።»

ዴልፊን ባዶውን መሰኪያ በጣቷ ነካች። እጇ አስታወሰ። ክፍሉ የተጠረገ ዕለት ካርቶኑን ይዛ የሟቹን ዕቃ የሰበሰበችው እሷ ነበረች። ሰውየው ትንንሽ ዕቃ ሁሉ ላይ ስሙን በጥቁር እስክሪብቶ ይጽፍ ነበር፤ ተውሰው እንዳያስቀሩበት። ያቺም ግራጫ ነገር ስሙን ተሸክማ ነበር። ዴልፊን ፊቷን አዙራ ነቀለቻት፤ ካርቶኑ ውስጥ ጨመረቻት፤ ካርቶኑም ሚስቱ ዘንድ ተቀመጠ። ያየችው ስሙን ነው። ዕቃዋን አላየችም።

«ሌላ ልትልክልኝ ትችላለህ?»

«እችላለሁ። ግን መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል፤ የፖስታ አውሮፕላን ደግሞ ማክሰኞ ነው።»

ኑንጋራዪ ቀና ብለው አዩዋት።

የሟቹ ሚስት ናፓንጋርዲ ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከሐዘንተኛ ሴቶች ጋር ትኖራለች። ሐዘኗ እስኪፈታ ድረስ በአፏ አትናገርም፤ የምትናገረው በእጇ ነው። ዴልፊን ወደዚያ ሄዳ፣ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና እስክትታይ ጠበቀች። የሟች ዕቃ አንዴ ከተወሰደ አይጠየቅም። ይህን ከማንም ይልቅ የምታውቀው ራሷ ናት።

በመጨረሻ የናፓንጋርዲ እጅ ተነሣ፦ ምን ፈለግሽ?

ዴልፊን በጣቶቿ መለሰች። እናታችን አርብ ትሄዳለች። የአባቷ ድምፅ። ውሃዎቹ። ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር። በእጅ ሲነገር ልመና ማሳመሪያ የለውም፤ ራቁቱን ይቀርባል።

ናፓንጋርዲ የዴልፊንን እጅ እስከ መጨረሻው ተከተለች። ከዚያ ጣቶቿ ፈጠን ብለው ተናገሩ፦ እሱ ማሽኑን አስተምሮሽ ነበር። ሦስት ጊዜ። ተኝተሽ ነበር?

ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ዴልፊንም አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

ካርቶኑ ገና አልሄደም ነበር፤ ሩቅ ያሉት የሟቹ ወንድሞች ቅዳሜ መጥተው ይወስዱታል። ናፓንጋርዲ ገብታ ወጣች፤ የዘጋችው ጡጫዋ ውስጥ አንድ ነገር ይዛለች። አልሰጠቻትም። በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግራጫዋን ነገር ሲሚንቶው ላይ ታሻት ጀመር፣ አሸዋ እየነሰነሰች፣ ሳትቸኩል፣ ጥቁሩ ፊደል ገርጥቶ፣ ተቆራርጦ፣ እስኪጠፋ ድረስ። በቀሚሷ ጠርጋ አየቻት። እንደገና አሸቻት። ከዚያ ዘረጋችላት።

ዴልፊን መዝጊያዋን ባዶው መሰኪያ ላይ ሰካች። ማሽኑን አበራች፤ ጠበቀች፤ ኮምፒውተሩን አበራች። የማሽኑ ስምና ቁጥር አራት ስክሪኑ ላይ ወጡ። ካሴቱ ገባ፤ ጥቂት ጉርምርምታ አሰምቶ መዞር ጀመረ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ እየተቀዱ ሲወርዱ ከሰዓት በኋላው አለፈ።

መጀመሪያ የተሰማው ነፋስ ነው። ቀጥሎ የውሻ ጩኸት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አሉና የመጀመሪያውን ውሃ ጠሩ።

ኑንጋራዪ ወንበራቸውን ወደ ድምፁ አስጠጉ። የሁለተኛውን ውሃ ስም ከአባታቸው እኩል፣ በለሆሳስ ጠሩት። ሦስተኛውን ቀድመው ጠሩት። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«አጥፊው፣ ልጄ።»

«ምነው እማማ? ገና አሥራ አንድ ውሃ ይቀራል።»

«እዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት እንደ ታሰረ ውሻ ሲያጋድሙኝ ምን ልሰማ ነው? ይቀመጥልኝ።»

አባትየው ከሦስተኛው ውሃ ተነሥተው መንገድ ጀምረው ነበር፤ ኮቴያቸው ጠጠሩ ላይ ይሰማል። ዴልፊን እዚያው አቆመችው።