የቫር ክፍሉ ታላቅ ወንድም

የዋንጫው ጨዋታ ዳኝነት ለታናሹ ወንድም ተሰጠ። ለታላቁ የደረሰው ደግሞ አንድ ወንበር፣ የተደረደሩ ስክሪኖችና መስኮት የሌላት የቫር ክፍል ነበር፤ የሜዳው ዳኛ ውሳኔ በቪዲዮ የሚመረመርባት። ዳኝነትን ለታናሹ ያስተማረው እሱ ነው፤ አሯሯጡን፣ የእጅ ምልክቱን፣ ተጫዋች ሲጮህበት ፊቱን እንዴት እንደሚያኮሳትር ሳይቀር። ጋዜጣው ግን "እርጋታን ተፈጥሮ የለገሰው ዳኛ" ብሎ ጻፈለት። ተፈጥሮ! ታላቁ ይህን ሲያነብ ሻዩ ትን ብሎት ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል እናታቸው ደወለች።

"ልጄ በቴሌቪዥን ሊታይልኝ ነው! አንተስ የት ነህ?"

"እኔም እዚሁ ነኝ፣ እማዬ። ውስጥ ነኝ።"

"ታዲያ አትታይም?"

"አልታይም።"

"በል እንግዲህ፣ እንዳትጋርደው" ብላ ዘጋችው።

ታላቁ ቀና። ታናሹ የዛሬውን ያለ እንከን ከተወጣ የኢንተርናሽናል ዳኝነት ባጅ ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። ታላቁ ዕድሜ ልኩን የተመኘው፣ አሁን ግን ዕድሜው አልፎ የቀረበት ባጅ። ታናሹ እንዲወድቅ አልፈለገም፤ ትንሽ እንዲደናቀፍለት ብቻ ነው የፈለገው። ሰው ራሱን የሚሸነግለው እንዲህ እያለ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ታናሹ ላይ ቅንጣት ስህተት አልተገኘበትም። ያኔ አንድ አጥቂ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ወደቀ። ታናሹ አፍንጫው ሥር ሆኖ ሲያየው ነበርና "ተነስ፣ ምንም የለም!" ብሎ ጨዋታውን አስቀጠለ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ።

ታላቁ በአንድ እይታ ገባው። ታናሹ ልክ ነው። የተከላካዩ ጫማ የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት ነካ አደረገው እንጂ የሚጥል አልነበረም። ታላቁን ያንገበገበውም ይኸው የታናሹ ልክ መሆን ነው።

"በዝግታ መልሺው" አላት አጠገቡ የተቀመጠችውን የምስል ባለሙያ።

በዝግታ ሲታይ ያ ነካ ያደረገው ጫማ ቁርጭምጭሚቱን የረገጠ መሰለ። የንክኪን ኃይል የሚመዝን ዳኛ ምስሉን በኖርማል ፍጥነት ማየት እንዳለበት ታላቁ ጠፍቶት አይደለም። ዝግታ ዳበሳውን ሁሉ ርግጫ ያስመስላል። ለአዳዲስ ዳኞች ይህንኑ የሚያስተምረው ራሱ ነው።

"በኖርማሉም ላዘጋጅለት?" አለች ልጅቱ።

"አያስፈልግም።"

"እርስዎ እኮ ሁልጊዜ..."

"አያስፈልግም አልኩሽ!"

ማይኩን ከፈተ። "ና እየው እስኪ። ለእኔ ፍጹም ቅጣት ምት ነው።"

ታናሹ ሜዳው ዳር ወደቆመው ስክሪን ሲሮጥ ታላቁ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ያ ጋዜጣ ያወራለት እርጋታ በሕዝብ ፊት ሲርድ በዓይኑ ሊያይ ቸኩሏል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀላል ንክኪ መስሎኝ ነበር" አለ ታናሹ በማይኩ።

"ስክሪኑን እይ።"

"አየሁት። ይሁን፣ አንተ ካልክ አለቀ።"

በኖርማሉ አሳዩኝ እንኳ አላለም። ፊሽካውን ነፋ፤ ጎሏ ገባች፤ ዋንጫውም በእሷ ተወሰደ። ተከላካዩ ማሊያውን ፊቱ ላይ ጥሎ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ታላቁ ይህን ከስክሪን ወደ ስክሪን ሊሸሸው ሞከረ፤ ሁሉም ላይ ግን እሱው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ታናሹ ላቡ ሳይደርቅ በሩን በርግዶ ገባና ታላቁ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

"ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር! ኮሚቴው እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል፤ ባጁ አይቀርልኝም። ለእማዬም ደወልኩላት። ያዳነኝ ጋሼ ነው አልኳት፤ እልል አለች!"

ታላቁ በዚህች ሰዓት እንኳ ቀና። አሁን የቀናው በባጁ አልነበረም። እንዲህ ሰው በሚያምን ልቡ ቀናበት፤ እሱ በታናሹ ቦታ ቢሆን ምስሉን ደጋግሞ ሳያይ ማንንም አያምንም ነበር።

"የመጀመሪያው ውሳኔህ ልክ ነበር" አለው።

"የቱ?"

"ምንም የለም ያልከው። ልክ ነበርክ። ስጠራህም አውቅ ነበር።"

ታናሹ ሳቀ። ጋሼ እንደሆነ ቀልድ ይወዳል። እየሳቀ፣ አብራው እንድትስቅ፣ ወደ ምስል ባለሙያዋ ዞረ። እሷ አልሳቀችም።