ማን ያሸክምሻል?

ጋሼ ዘውገ የእህል በረንዳ ኩሊዎች አለቃ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ የሾማቸው ጢማቸው ነው። ከጎጃም የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጤፉንና በርበሬውን ጭኖ በራጉኤል በኩል ጥሩምባውን እያንባረቀ ብቅ ሲል፣ ኩሊውን አሰልፈው ተራ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። “አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ፣ አንተ ትናንት ሰክረህ ነበር፣ መጨረሻ!” በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ የለም። ጃንሆይ ዘንድ አቤት ማለት ይቻል ይሆናል፤ ግን ችሎቱ እስኪደርስ ማሽላው ይነቅዛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለተብርሃን የምትባል ሴት መጥታ ከሰልፉ ጭራ ቆመች። ባሏ ሞቶባት፣ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች ልጆቿን ስታሳድግ የኖረች ናት። አሁን ግን የደን ጠባቂዎቹ እንጨቱንም መጥረቢያውንም እየነጠቁ ቢያስመርሯት፣ ፊቷን ወደ መርካቶ አዞረች።

“ሴትዮ፣ ለሸመታ ከሆነ በወዲያ በኩል ነው” አሉ ጋሼ ዘውገ።

“ልሸከም ነው የመጣሁት፣ ጋሼ፤ ለተብርሃን እባላለሁ።”

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት። ከኩሊዎቹ ሁሉ አፈኛው ደመቀ፣ “ተራ ይስጧት እንጂ ጋሼ፤ እኔ ቤቷ ሄጄ ወጥ ልሥራላት” አለና ሰፈሩን በሳቅ አናጋው።

ጋሼ ዘውገ አልሳቁም። ብልህ ሰው ስለሆኑም “አይቻልም” አላሉም።

“መሸከም የከለከለሽ የለም፤ አገሩ መርካቶ ነው። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ያሸክምሻል?”

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ጆንያ ከመሬት አንሥቶ ራሱን የሚያሸክም ኩሊ ገና አልተወለደም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ከጀርባው ካላሳረፈለት፣ ሳምሶንም ቢሆን ጆንያውን ሲያይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሰውን ከሥራ ለማባረር ጩኸትም ዱላም አያስፈልግም፤ እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ይበቃል። ሁሉም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ኪስ የሌለው ደመቀ ብብቱ ውስጥ ከተተ።

“ለማሸከም ደግሞ ወገብ መደገፍ አለ” አሉ ጋሼ ዘውገ። “የሰው ሚስት ወገብ…”

“ባሌ ሞቷል።”

“ይብስ! ደግሞ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ሴት ደግፎ ማሸከም ለነፍስ አይበጅም።”

“እስላሞቹስ?”

ጋሼ ዘውገ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ይህን አላሰቡበትም። “እነሱም… የራሳቸው ጾም አላቸው።”

የበርበሬ ነጋዴው ሰላሁዲን ከመደብሩ ደጃፍ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ፣ “ኧረ ጋሼ ዘውገ! በርበሬዬ መጋዘን ይግባልኝ እንጂ፣ የተሸካሚው ጢም ምን ይሠራልኛል?” አለ።

ጋሼ ዘውገን የቆረቆራቸው ግን ይኸው የበርበሬው ነገር ነው። የበርበሬ ጆንያ ለዓይን ይግዘፍ እንጂ ከጤፍ ግማሹን አይመዝንም፤ ሂሳቡ ግን በጆንያ እኩል ነው። ቀኝ ጉልበታቸው ካለፈው ክረምት ወዲህ እየከዳቸው ስለሆነ፣ “የሚያስነጥሰውን ለኔ ተዉት፤ አለቃ ማለት መከራ የሚቀበል ነው” እያሉ በርበሬ በርበሬውን ለራሳቸው አድርገውት ነበር። ኩሊዎቹም ደግነታቸውን ያመሰግናሉ። ይቺ ሴት ተራ ብታገኝ ደግሞ ምን ልትሸከም ነው? በርበሬ!

ለተብርሃን አልተከራከረችም። ከመኪና ወርዶ የቆመ አንድ የበርበሬ ጆንያ መረጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከወገቧ ገመድ ፈታች፤ ጆንያውን ከትከሻዋና ከደረቷ ጋር እንደ እንጨት ሸክም ጠፈረችው። ወደፊት ጎንበስ፣ በአንድ ጉልበት እንብርክክ፣ በእጇ መሬቱን ገፋ አደረገችና ተነሥታ ቆመች። ተራምዳም መጋዘን ገባች።

“ወይ ጉድ!” አለ ደመቀ፣ እጁ ከብብቱ ወጥቶ።

ስትመለስ ጋሼ ዘውገ አዲስ ሕግ ይዘው ጠበቋት። “በገመድ መጥፈር ክልክል ነው። ጆንያ ይቀደዳል!”

“ጆንያው የኔ አይደል? ይቀደድ!” አለ ሰላሁዲን።

“ሕግ ሕግ ነው። ወንድ የሚሸከመው እንዲህ ነው፤ ደመቀ፣ ጤፍ አምጡልኝ!”

አመጡላቸው። ኩራት ጉልበት አይሆንም እንጂ፣ ቢሆን ኖሮ መኪናውን ራሱን ይሸከሙት ነበር። ጎረምሶቹ ኩንታሉን የአለቃቸው ጀርባ ላይ አሳርፈው የየራሳቸውን ሸክም ይዘው ወደ መጋዘኑ ነጎዱ። ጋሼ ዘውገ ሰው ከማያይበት ከመኪናው ጀርባ ሲደርሱ ያ ከሐዲ ጉልበት ቀጥ አለ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ቢጥሉት ጆንያው ፈንድቶ ማኛው ጤፍ ጭቃ ላይ ሊፈስ ነው። ቢጣሩ ደግሞ አለቅነቱ ከጤፉ ቀድሞ ሊፈስ ነው። ላባቸው በጢማቸው ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር።

“ጋሼ” አለ ከጎናቸው የሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። “ከፍ ያለው በረንዳ ከኋላዎ ነው። ትንሽ ወደኋላ ይበሉ።”

ለተብርሃን ትከሻዋን ከጆንያው ሥር አስገብታ ክብደቱን ተጋራቻቸው። ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ ጆንያው የበረንዳው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለ።

“ማን አየ?” አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

“ምኑን?”

ጋሼ ዘውገ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አሹ።

“ጉልበትዎን ነው?”

“ብርድ ነው።”

“አዎ፣ ብርድ ክፉ ነው” አለች። “ጋሼ፣ በርበሬው ለሁለታችንም ይበቃል። ጤፉን ጎረምሶቹ ይሸከሙት። ለእኔም ተራ ይስጡኝ።”

“እምቢ ብልስ?”

“እምቢ ቢሉ ያየሁት ነገር የለም። ነገም መጥቼ እሰለፋለሁ።”

ብታስፈራራቸው ኖሮ ይሻላቸው ነበር፤ ለማስፈራሪያ የሚሆን ስድብ መቼም አያጡም። 

ጎረምሶቹ ተመለሱ። “ምነው ጋሼ፣ አረፍ አሉ?” አለ ደመቀ።

“ይቺን ሴት ሥራ እያስተማርኳት ነው!” ብለው ተቆጡ። “ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ የኔና የለተብርሃን ነው፤ ተራ በተራ።”

“ገመዱስ?”

“ከሥሩ ጨርቅ ይደረግበታል።”

“ሁዳዴውስ?”

“አንተ ደሞ ስለ ሁዳዴ ታወራለህ? ትናንት አፍህ ቅቤ ቅቤ ሲሸት አልነበረም?”

ደመቀ ተራውን ሳይጠብቅ ጤፍ ሊሸከም ሄደ።

“በይ፣ ተራሽ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?” አሏት።

ለተብርሃን ቁጭ ብላ ጆንያውን ጠፈረች። ልትነሣ ስትል ግን ጭቃው አንሸራተታትና ሸክሙ ወደ ጎን ዘመም አለ። ያኔ የጋሼ ዘውገ እጆች ባለቤታቸውን ሳያስፈቅዱ ከኪስ ወጥተው ጆንያውን ከሥሩ ያዙት፤ ቀና አድርገውም ወደ ላይ ገፉት። ቀና ሲሉ ሰልፉ በሙሉ ዓይኑን ተክሎባቸዋል።

“ምን ታፈጣላችሁ?” አሉ። “ስፌቱን እያየሁ ነው!”

ለተብርሃን ደህና አድርጋ ቆማ እስክትራመድ ድረስም፣ ስፌቱን ሲያዩ ቆዩ።