የአረቄ ጓዳው ቁልፍ

እማማ ወለተ ማርያም ክፉ ያደረጉ አልመሰላቸውም። የሰው ገመና ሸፈኑ እንጂ ምን አደረጉ? ከአዲስ አበባ የመጣው ባለጃኬት ሰው፣ «ይበልጣልን ያውቁታል? መጠጥ ይወዳል ይባላል?» ሲላቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እሱ ልጅ? የመጠጥ ሽታ እንኳ አያውቅ!» አሉት። የሚገርመው ይህን ያሉት አረቄ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነው።

ማዶ ያሉት ባለሱቁ አቶ ጅብሪልም ተጠየቁ። «ከለስላሳ ሌላ ሲጠጣ አላየሁም» አሉ። ሁለቱ ጎረቤታሞች በጎ ሥራ እንደሠራ ሰው ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ሆነው ፈገግ ሲባባሉ ዋሉ።

አመሻሹ ላይ ይበልጣል ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እማማ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። አረቄ ሥራውን አሳጥቶት፣ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ፣ ከተወው ዓመታት አልፈዋል። አሁን የመንግሥት ምስጢር በሚያልፍበት የመገናኛ ጣቢያ ሊቀጠር ነው። እዚያ ግን ጀርባው ሳይጣራ ማንም አይገባም፤ ባለጃኬቱም የመጣው ለዚሁ ነው።

«እማማ፣ ሰውዬውን ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ ልጄ፣ ስምህን ጠበቅሁልህ።»

ይበልጣል ራሱን ይዞ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «እኔ እኮ ሁሉንም ነግሬዋለሁ! መጠጣቴንም፣ መታከሜንም። ‹መጠጣትህ ብቻውን አያስጥልህም፤ የተደበቀ ነገር ያለውን ሰው ግን ሌላው በዚያው ያስፈራራዋል› ብሎኝ ነበር። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ጠጥቶ አያውቅም ብሎ መሰከረልኝ። ‹ያለፈውን እንዲህ ከሸፈኑልህ፣ መተውህንስ ማንን ጠይቄ ልመን?› አለኝ። ነገ ጠዋት ይሄዳል።»

«ወይኔ! በገዛ አፌ!» አሉ እማማ።

ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ጣል አድርገው የአቶ ጅብሪልን በር ደበደቡ።

«ጅብሪል፣ ተነሣ! ሰካራም ነበር ብለን ልንመሰክር ነው።»

«ያ ረቢ! ትናንት አይጠጣም አላልንም እንዴ?»

«እሱ ነው ጉድ ያደረገን! ጫማህን አጥልቅ!»

ሰውዬውን መናኸሪያው አጠገብ ጨጨብሳ ሲበላ አገኙት። እማማ ሳይቀመጡ ጀመሩ። «ልጄ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ። አረቄውን የቀዳሁለት እኔው ነኝ። ስንቴ ከቦይ ውስጥ ጎትተን አውጥተነዋል።»

«የኔን አህያ የእድሩ ሊቀመንበር መስሎት፣ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሥቶታል» አሉ አቶ ጅብሪል። «ቆይቶ ደግሞ ድንኳኑ ተቀደደ ብሎ ተቆጣው።»

ሰውዬው ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። ኋላ ግን ኮስተር አለ። «ትናንት እንደዚያ አሉኝ፣ ዛሬ እንዲህ። መተዉንስ በምን ልመን?»

እማማ ከአንገታቸው በክር የታሰረ ቁልፍ ሳብ አደረጉ። «ይህ የአረቄ ጓዳዬ ቁልፍ ነው። ለገብርኤል ቁልቢ ስሄድ ለማን የምሰጥ ይመስልሃል? ለወንድሜ ልጅ አልሰጥ፤ ይቀምሳል። ለዚህ ለጅብሪል አልሰጥ…»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«አንተማ ሽታው ራሱ ያዞርሃል። ለይበልጣል ነው የምሰጠው። አምፖል ሲቃጠልብኝ እዚያ ጀሪካን መሀል ቆሞ ይቀይርልኛል። ጠብታ ጎድሎብኝ አያውቅም። ከሆስፒታል እንደወጣ ሰሞን ግን ልሰጠው ብል፣ ‹አይስጡኝ እማማ፣ ገና ነኝ› አለኝ። ቁልፉን የተቀበለኝ በዓመቱ ነው።»

ሰውዬው ጉርሻውን መለሰ። «ራሱ ነው አይስጡኝ ያለዎት?»

«በገዛ አፉ።»

«ትናንት የፈለግሁት ይህን ነበር፣ እማማ።»

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሰውዬው ሌላ ቃል ሳይሰጣቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ አትጠይቁ። ይበልጣል ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፤ እማማም ማርያምን ሲለምኑ ከረሙ።

ገብሱ አጨዳ ላይ ሲደርስ ይበልጣል እየሮጠ መጣ። «አለፍኩ እማማ!» እማማ እልልታውን አቀለጡት፤ አቶ ጅብሪልም ሱቃቸውን ክፍት ትተው መጡ። ይበልጣል እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ከትከሻው ላይ የወረደው ሸክም በዓይን የሚታይ ይመስል ነበር።

ሥራ በጀመረ ሰሞን ደወለላቸው።

«እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?»

«አይነገርም፣ እማማ።»

«ተመስገን!» አሉ እየሳቁ። «ለቁልቢስ?»

«ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እመጣለሁ፤ እርስዎ ይሄዳሉ።»

እማማ ቁልፉን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና መልሰው አንገታቸው ውስጥ ከተቱት።

«በል፤ እስክትመጣ እዚሁ ነው።»